ዲስትሪቢዩተር ነቅላችሁ መልሳችሁ ሞተሩ እምቢ ሲል፦ ታይሚንጉን ከዜሮ ጀምሮ መመለስ

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን በየተራ ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ክፍል) ስር ዘይት ያንጠባጥብ ነበር፣ ችግሩ አንዲት ትንሽዬ የጎማ ቀለበት ናት፣ እሷን ለመቀየር ብሎኑን ፈትቼ ዲስትሪቢዩተሩን ሳብ አድርጌ አወጣሁት። ምልክት አላደረግኩም፣ ፎቶም አላነሳሁም፣ «አንድ ብሎን ነው ምን ይመጣል» ብዬ። ቀለበቷን ቀየርኩ፣ መልሼ ስከተው ገባ፣ ብሎኑን አሰርኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ ሞተሪኖው ይሽከረከራል ሞተሩ ግን አይነሳም፣ በመሃል አንዴ በካርቡሬተሩ በኩል እንደ ጥይት ጮኸብኝና ክው አልኩ። ከዛ በኋላ ያደረግኩት ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል፣ ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ ወደ ግራ ሞተሪኖ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ሞተሪኖ፣ እንደዛ ስል ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆየሁ፣ ባትሪው ወደቀ፣ ካንዴላዎቹ በቤንዚን ራሱ፣ እኔም ሞተሩን የገደልኩት መሰለኝ።

ሞተሩ ምንም አልሆነም ነበር። ዲስትሪቢዩተሩ በግማሽ ዙር ተሳስቶ ነው የገባው፣ እኔ ስፈልግ የዋልኩት ደግሞ በጥቂት ዲግሪ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ እስከ ማግስቱ ባዞረውም አላገኘውም ነበር። እናንተም እዚህ ቦታ ላይ ከሆናችሁ ቁልፉን አውጡና ማዞሩን አቁሙ፣ አንድ ቁጥር ሲሊንደር ያለበትን ሳታውቁ የምታዞሩት ነገር ሁሉ ሎተሪ ነው።

ይሄ የሚሰራው ዲስትሪቢዩተር ላለው ሞተር ነው፣ በፑንቲናም (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን በሚያስነሳ መገናኛ) ይስራ በኤሌክትሮኒክ። በየካንዴላው ላይ የራሱ ኮይል የተቀመጠበት አዲስ መኪና ከሆነ የሚዞር ነገር የለውም፣ ታይሚንጉን፣ ማለትም እሳቱ የሚሰጥበትን ሰዓት፣ ኮምፒዩተሩ ከሴንሰር እያነበበ ራሱ ነው የሚወስነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሰራ በአጭሩ

ይሄን ክፍል ዝለሉት ብላችሁ ብትዘሉት ኋላ ተመልሳችሁ መምጣታችሁ አይቀርም። ፒስተኑ አራት ስራ አለው፣ ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ይፈነዳል፣ ጭሱን ያስወጣል። እነዚህን አራቱን ለመጨረስ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፣ ካም ሻፍቱ (ባልቦላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና ዲስትሪቢዩተሩ ግን አንድ ዙር ብቻ። እዚህ ጋር ነው ወጥመዱ፣ ፒስተኑ በሁለቱ ዙር ውስጥ ሁለቴ ጫፍ ይደርሳል፣ አንዴ ጨምቆ ሲጨርስ፣ አንዴ ደግሞ ጭሱን አስወጥቶ ሲጨርስ። ፑሌጃው (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው ቺንጋ የሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ላይ ያለው ምልክት ሁለቱንም ጊዜ ዜሮ ላይ ይመጣል እና ልዩነቱን አይነግራችሁም። እኔ ምልክቱን ብቻ አይቼ «ዜሮ ላይ ነው» ብዬ ከተትኩት፣ ጭስ ማስወጫው ላይ ነበር። እሳቱ የሚመጣው እንግዲህ የጭሱ ባልቦላ ሊዘጋ የመሳቢያው ደግሞ መከፈት ሲጀምር ነው፣ በካርቡሬተሩ በኩል የጮኸብኝም ለዛ ነው።

ሌላው፣ እሳቱ የሚሰጠው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀድሞ ነው፣ ምክንያቱም ቤንዚንና አየሩ በአንዴ ቦግ አይልም፣ ነዶ ግፊቱ እስኪያድግ ጊዜ ይፈልጋል። ሞተሩ በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር 10 ዲግሪ ማለት ወደ 2 ሚሊሰከንድ ነው፣ 3000 ዙር ላይ ግን ያው 10 ዲግሪ ከ0.6 ሚሊሰከንድ በታች ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ ሲፈጥን እሳቱም የበለጠ ቀድሞ መምጣት አለበት፣ ዲስትሪቢዩተሩ ሆድ ውስጥ ያሉት ሁለት ክብደቶችና ስፕሪንጎች ስራቸው ይሄ ነው፣ ጎኑ ላይ ያለችው የቫኪዩም ጣሳ ደግሞ የሞተሩ ጭነት ሲቀል እሳቱን ታስቀድማለች። እኛ የምናስተካክለው መነሻውን ነው፣ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) ላይ ያለውን፣ ቀሪውን እነሱ ይጨምሩበታል።

ከመንካታችሁ በፊት

ባትሪውን ቻርጅ አድርጉ። ካንዴላዎቹን በሙሉ ፍቱ፣ ከረጠቡ አድርቋቸው። ይሄ ሁለት ጥቅም አለው፣ አንደኛ የረጠበ ካንዴላ ይዛችሁ ታይሚንጉ ትክክል ቢሆንም አይነሳም፣ ሁለተኛ ካንዴላ የሌለበት ሞተር በእጅ ሲያዞሩት ቀላል ነው፣ ቁልፍ ላይ መንጠልጠል የለም። የካንዴላ ገመዶቹን ስትነቅሉ እያንዳንዱ ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ቁጥር ጻፉበት፣ አሁን ምን ዋጋ አለው ተሳስቶም ሊሆን ይችላል ካላችሁ ልክ ናችሁ፣ ግን ቢያንስ ከየት እንደተነሳችሁ ታውቃላችሁ።

ሞተሩን በእጅ በምታዞሩበት ጊዜ የባትሪውን ኔጋቲቭ አውጡ፣ ማርሹ ፍሪ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ሞተር አስነስታችሁ ስትሰሩ ደግሞ ደጅ ስሩ፣ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፣ አይሸትም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለ ነው የሚገድለው። የአየር ፊልትሮው ተከፍቶ ሞተሪኖ በሚመታበት ጊዜ ማንም ሰው ካርቡሬተሩ ውስጥ አንገቱን አስግጎ እንዳያይ፣ የኔ ቅንድብ የተረፈው በአጋጣሚ ነው። እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር።

አንድ ቁጥርን ማግኘት

አንድ ቁጥር ሲሊንደር በተደረደሩ አራትና ስድስት ሲሊንደሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ በፑሌጃው በኩል ያለው የመጀመሪያው ነው። በቪ የተሰሩት ላይ እንደየፋብሪካው ይለያያል፣ የመኪናውን ማኑዋል እዩ።

አሁን ፑሌጃው መሃል ያለው ትልቁ ብሎን ላይ ቁልፍ አስገብታችሁ ሞተሩን በሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩ። ከፊት ቆማችሁ ስታዩት አብዛኛው ሞተር በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ነው የሚዞረው፣ የድሮዎቹ ሆንዳዎች ግን ብዙዎቹ በተቃራኒው ስለሚዞሩ እነሱ ላይ ተጠንቀቁ። ወደ ኋላ አታዙሩ፣ ቤልቱ ወይም ሰንሰለቱ ላላ ይልና የምታዩት ምልክት በጥቂት ዲግሪ ይዋሻችኋል፣ ካለፋችሁት ዞራችሁ እንደገና ኑ።

የአንድ ቁጥር ካንዴላ ቀዳዳ ላይ አውራ ጣታችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ ጫኑ፣ ሌላ ሰው ቀስ እያለ ያዙርላችሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ጣታችሁን ወደ ውስጥ ሳብ ሲያደርገው ይሰማችኋል፣ ያ መሳቢያው ነው። አሁንም አዙሩ፣ ከዛ ከስር የሆነ ነገር ጣታችሁን መግፋት ይጀምራል፣ እየጨመረ እየጨመረ ይሄዳል፣ መያዝ ሲያቅታችሁ በጣታችሁ ጎን «ፍስስ» ብሎ ያመልጣል። ይሄ ነው መጭመቂያው። ጣቴ ላይ ያ ነገር የገፋኝ ጊዜ፣ እውነቴን ነው፣ የሁለት ሰዓቱ ብስጭት ሁሉ ወጣልኝ፣ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩ የት እንዳለ አወቅኩ። አየሩ መግፋት እንደጀመረ ዓይናችሁን ወደ ፑሌጃው መልሱና ምልክቱ ዜሮ ላይ እስኪመጣ ቀስ ብላችሁ አምጡት።

ጣት ማስገባት የማይመች ቦታ ከሆነ የባልቦላ ክዳኑን ክፈቱ፣ ምልክቱ ዜሮ ላይ ሆኖ የአንድ ቁጥር ሁለቱም ባልቦላዎች ተዘግተው ሮከሮቻቸው (ባልቦላዎቹን የሚጫኑት ክንዶች) ትንሽ ላላ ካሉ መጭመቂያው ላይ ናችሁ። አራት ሲሊንደር ላይ አንድና አራት አብረው ነው የሚወጡት፣ ስለዚህ በዚያው ሰዓት አራት ቁጥር ላይ አንዱ ባልቦላ ሊዘጋ ሌላው ሊከፈት ሲል ታያላችሁ። የአንድ ቁጥር ሮከሮች ተጨንቀው የአራት ላላ ካሉ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ፣ በቃ።

ፑሌጃው ራሱም ሊዋሽ ይችላል። ብዙ ፑሌጃዎች ውስጡና ውጩ በጎማ ነው የተያያዙት፣ ጎማው ሲያረጅ የውጪው ቀለበት ይንሸራተትና ምልክቱ ቦታውን ይለቃል። ከተጠራጠራችሁ ረጅም የእንጨት ዘንግ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብታችሁ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከምልክቱ ጋር ይገጥም እንደሆነ እዩ፣ ዘንጉን በእጃችሁ ያዙት፣ ሞተሩም ቀስ ብሎ ይዙር፣ ብረት ወይም ቶሎ የሚሰበር ነገር እንዳታስገቡ።

ታይሚንግ ቤልት ነክታችሁ ከነበረ እዚህ ቁሙ

ጥፋታችሁ ዲስትሪቢዩተር ሳይሆን ቤልት ወይም ቴስታታ (ባልቦላዎቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከሆነ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አያድናችሁም። ክራንኩ ዜሮ ላይ ሆኖ የካም ሻፍቱ ምልክት ከራሱ ምልክት ጋር መግጠም አለበት፣ በአንድ ጥርስ ከሳተ ባልቦላዎቹ በተሳሳተ ሰዓት ነው የሚከፈቱት፣ ዲስትሪቢዩተር አዙራችሁ እሳቱን ብታስተካክሉትም ሞተሩ ደካማ ሆኖ ነው የሚቀረው። የዚህ ችግር ምልክቱ ዲስትሪቢዩተሩን እስከ መጨረሻው አዙራችሁም የምትፈልጉትን ዲግሪ አለማግኘታችሁ ነው። በጣም ከሳተ ደግሞ ብዙ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ ባልቦላውን ይመታዋል፣ ስለዚህ ቤልት የነካ ሰው መጀመሪያ በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙር፣ የሆነ ቦታ ላይ ብረት ከብረት ሲገጥም ከተሰማው በጉልበት አይግፋ፣ ሞተሪኖውም አይነካ።

ዲስትሪቢዩተሩን መልሶ መክተት

ክራንኩ የአንድ ቁጥር መጭመቂያ ዜሮ ላይ ነው እንበል። ክዳኑን አንሱና የአንድ ቁጥር ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ የቱ እንደሆነ እዩ፣ ብዙ ክዳኖች ላይ «1» ተጽፎበታል፣ ከሌለው ማኑዋሉ ላይ አለ። ከዛ ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ታች ዲስትሪቢዩተሩ አካል ጎን ላይ በማርከር አስምሩ። ሮተሩ (ክዳኑ ስር እየዞረ እሳቱን ለየገመዱ የሚሰጠው ጣት) ገብቶ ሲያልቅ ማየት ያለበት ይሄን መስመር ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሸወድበት ቦታ። የአንዳንዱ ሞተር ዲስትሪቢዩተር በካም ሻፍቱ ጫፍ ላይ ከመሃል ወጣ ብሎ በተሰራ ስንጥቅ ነው የሚገጥመው፣ እሱን በግማሽ ዙር ማሳሳት አይቻልም፣ ስለዚህ የናንተ እንደዛ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ ችግራችሁ ገመዶቹ ላይ ነው፣ ወደዛ ዝለሉ። የኔ ግን በጥርስ ነው፣ ጥርሱም ሰያፍ ነው፣ ሰያፍ ስለሆነ ዲስትሪቢዩተሩ ወደ ታች ሲወርድ ሮተሩ ይዞራል። መስመሩ ላይ አነጣጥሬ ስከተው ታች ሲደርስ መስመሩን አልፎ ሄዶ ተገኘ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ በሚወጣበት ጊዜ ሮተሩ ምን ያህል ዞረ የሚለውን አይታችሁ በዛው ልክ ወደ ኋላ መልሳችሁ ጀምሩ፣ ሲወርድ ራሱ ዞሮ መስመሩ ላይ ይቆማል። እኔ በሶስተኛው ሙከራ ነው ያገኘሁት። አንድ ጥርስ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ጥርሱ 13 ከሆነ አንድ ጥርስ ማለት 27 ዲግሪ ከምናምን ነው፣ ዲስትሪቢዩተሩ በግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር ክራንኩ ላይ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሆናል፣ እና ይሄን በማዞር አካክሳለሁ ማለት አይሆንም።

ሌላው የዘይት ፓምፕ ነው። ብዙ ሞተሮች ላይ የዲስትሪቢዩተሩ ጫፍ ፓምፑንም ያዞራል፣ የፓምፑ ዘንግ ስንጥቅ ካልገጠመ ዲስትሪቢዩተሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም። በብሎኑ ጎትቼ አስቀምጠዋለሁ አትበሉ፣ አካሉ ይሰነጠቃል። ረጅም ካቻቢቴ በቀዳዳው አስገብታችሁ የፓምፑን ዘንግ ትንሽ ትንሽ አዙሩና እንደገና ሞክሩ። ሞተሩ ሲነሳ የዘይት መብራቱ ወዲያው መጥፋቱን እዩ፣ ካልጠፋ በዛው ሰከንድ አጥፉት።

አንድ አቋራጭ መንገድም አለ፣ ልንገራችሁ ግን አልወደውም። ዲስትሪቢዩተሩ በትክክል ግማሽ ዙር ብቻ ከሳተ ሳትነቅሉት ገመዶቹን ክዳኑ ላይ ወደ ተቃራኒው ብትቀይሯቸው፣ እሳቱ ለሲሊንደሮቹ በ1-3-4-2 ተራ በሚሰጥበት ሞተር ላይ አንድን ከአራት፣ ሶስትን ከሁለት፣ ሞተሩ ይነሳል። ይሰራል። ችግሩ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መካኒክ ይከፍተውና በማኑዋሉ መሰረት ገመዶቹን ሲመልስ እናንተ ያያችሁትን መከራ እሱ ያየዋል። ለመመርመሪያ ግን ጥሩ ነው፣ ከቀየራችሁት በኋላ ከተነሳ በሽታው ታወቀ ማለት ነው።

ገመዶቹ

ሮተሩ ወዴት እንደሚዞር በዓይናችሁ እዩ፣ ክዳኑን አንስታችሁ ሞተሩን በቁልፍ ትንሽ ማዞር ነው፣ ከሰው አትስሙ፣ ሞተር ከሞተር ይለያያል። ሮተሩ የሚያየው ቀዳዳ ላይ የአንድ ቁጥርን ገመድ ሰኩ፣ ከዛ ሮተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ የሚቀጥሉትን በተራቸው። አብዛኛው ባለ አራት ሲሊንደር 1-3-4-2 ነው፣ 1-2-4-3 የሆኑም አሉ፣ የተደረደረ ስድስት ብዙውን ጊዜ 1-5-3-6-2-4 ነው። ቴስታታው ላይ ወይም የባልቦላ ክዳኑ ላይ ተቀርጾ የሚገኝበት ጊዜ አለ፣ በጨርቅ ጠርጋችሁ ፈልጉ። አቅጣጫውን ገልብጦ የሰካ ሰው አንድና አራት ትክክል ይሆኑለታል፣ ሁለትና ሶስት ግን ይቀያየራሉ፣ ሞተሩ በሁለት እግሩ እየተንዘፈዘፈ ሊነሳ ይችላል፣ እንደዛ ከሆነባችሁ የት እንደምታዩ አወቃችሁ።

ሳይነሳ ማስተካከል

እዚህ ድረስ በትክክል ከመጣችሁ ሞተሩ መነሳት ይችላል፣ ግን ጥሩ መነሻ ብትሰጡት ሞተሪኖውም ባትሪውም ያርፋሉ። ኮፈኑ ስር ወይም ማኑዋሉ ላይ መነሻ ታይሚንጉ ተጽፏል፣ ብዙ ሞተር ላይ ከጫፍ በፊት ከ5 እስከ 12 ዲግሪ ውስጥ ነው። 10 ከሆነ ክራንኩን እንደገና አዙራችሁ ወደ መጭመቂያው አምጡና ዜሮ ሳይደርስ 10 ላይ አቁሙት።

ፑንቲና ላለው መኪና መጀመሪያ የፑንቲናውን ክፍተት በስፔሰር (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ለኩ፣ በአብዛኛው 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ክፍተቱን ከታይሚንጉ በኋላ ከነካችሁት ታይሚንጉም አብሮ ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜ መስራት ነው። ከዛ ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል ውሰዱ፣ አንዱን ጫፍ ኮይሉ ላይ ከዲስትሪቢዩተር የሚመጣው ሽቦ የታሰረበት፣ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ብረት ላይ። ባትሪውን መልሳችሁ እሰሩ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ አታስነሱ። የዲስትሪቢዩተሩን ብሎን በእጅ እስኪዞር ድረስ ብቻ አላሉት። አካሉን ሮተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ስታዞሩት አምፖሉ ይጠፋል፣ ከዛ በጣም ቀስ ብላችሁ በተቃራኒው መልሱት፣ አምፖሉ ቦግ ያለበት ቦታ እሳቱ የሚሰጥበት ቦታ ነው፣ እዛ ላይ ብሎኑን እሰሩ። ቁልፉን ከፍታችሁ ሻይ ለመጠጣት አትሂዱ፣ ፑንቲናው ተዘግቶ ከቆየ ኮይሉ ይግላል።

ኤሌክትሮኒክ ከሆነና ውስጡ ኮከብ የመሰለ ብረት ካለው፣ የኮከቡ ጫፍ ከፒክአፑ (አጠገቡ ካለው ሴንሰር) ጫፍ ጋር ፊት ለፊት እስኪገጥም አካሉን አዙሩት፣ ለመነሻ ይበቃል።

ካንዴላዎቹን መልሱ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ሞክሩ። ሞተሪኖው እየዞረ በመሃል የሆነ ነገር ወደ ኋላ እንደመታው ግትር ካለ እሳቱ በጣም ቀድሟል፣ ትንሽ አዘግዩት። ዝም ብሎ እየዞረ በማርሚታው በኩል ቡፍ ካለ ዘግይቷል። ለማስቀደም አካሉን ከሮተሩ አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ለማዘግየት ከሮተሩ ጋር፣ ይሄን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መስታወቱ ላይ ለጥፉት፣ በስራ መሃል መምታታቱ አይቀርም። እጃችሁ ላይ 1 ዲግሪ ያዞራችሁት ክራንኩ ላይ 2 ነው፣ ስለዚህ የጥፍር ያህል ነው የሚነካው።

በታይሚንግ መብራት

ሞተሩ ተነስቶ እንዲሞቅ ተዉት፣ ማነቂያው (ቾኩ) ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ ሚኒሞው ማኑዋሉ ያለው ቦታ ላይ ይሁን፣ ሚኒሞው ከፍ ካለ ክብደቶቹ መከፈት ይጀምሩና የምታነቡት ቁጥር የመነሻው አይሆንም። የቫኪዩሟን ጎማ ከጣሳዋ ነቅላችሁ ጎማውን በሆነ ነገር ድፈኑት፣ ከፋብሪካው ሌላ ትዕዛዝ ከሌለ። ኮምፒዩተር ያለበት ዲስትሪቢዩተር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ለምሳሌ ኮፈኑ ስር ያለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ «ቲኢ1» እና «ኢ1» በሽቦ መገናኘት አለባቸው፣ ካልሆነ እናንተ ስታዞሩ ኮምፒዩተሩ እየቀየረ ድብብቆሽ ትጫወታላችሁ።

የፑሌጃውን ምልክት ሞተሩ ሳይነሳ በፊት በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ ነጭ ቀለም ንኩት። የታይሚንግ መብራቱን (አንድ ቁጥር እሳት ባገኘ ቁጥር ብልጭ የሚለውን) መቆንጠጫ የአንድ ቁጥር ገመድ ላይ፣ ቀስት ካለው ቀስቱ ወደ ካንዴላው እንዲያይ፣ ሁለቱን ገመዶች ባትሪው ላይ። ገመዶቹ ሁሉ ከቬንቲላተሩና ከቺንጋው ይራቁ። መብራቱን ስትተኩሱት የሚዞረው ፑሌጃ ባለበት የቆመ ይመስላል፣ ነጯ መስመር ከቁጥሩ አጠገብ ቀጥ ብላ ትታያለች፣ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ቬንቲላተሩም እንደዛው የቆመ ሊመስል ይችላል። አልቆመም። እጃችሁን፣ እጅጌያችሁን፣ ያንጠለጠላችሁትን ነገር ሁሉ ሰብስቡ።

ብሎኑን አላልታችሁ አካሉን ነካ ነካ አድርጉት፣ መስመሯ ወደ ቁጥሩ ስትሄድ ታያላችሁ። ዲስትሪቢዩተሩን ስትይዙት የካንዴላ ገመዶቹን አትንኩ፣ ያረጀ ገመድ ከሆነ ወደ እጅ ይሰጣል፣ በብዙ ሺህ ቮልት ነው፣ እጃችሁን በድንገት ስትነጥቁት ነው ቬንቲላተር ላይ የሚያርፈው። ቁጥሩ ላይ ስትደርሱ ነዳጅ ስጡት፣ መስመሯ ወደ ቀዳሚው ዲግሪ ሸሽታ ከሄደች ክብደቶቹ ይሰራሉ፣ ንቅንቅ ካላለች ውስጡ በዝገት ተይዟል፣ ሚኒሞ ላይ ጥሩ ሆኖ ዳገት ላይ የሚሞት መኪና ነው የሚኖራችሁ። መስመሯ ባለችበት የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ቡሽ በልቷል ማለት ይሆናል፣ ያኔ ትክክለኛ ዲግሪ የሚባል ነገር የለም፣ መሃሉን ይዛችሁ ዲስትሪቢዩተር ማፈላለግ ነው።

መንገድ ላይ

መብራቱ ቁጥሩን ይነግራል፣ መንገዱ ደግሞ ሞተሩ ቁጥሩን ወደደው ወይ የሚለውን። ሞተሩ ሞቆ፣ ከፍ ባለ ማርሽ፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጡት ጣሳ ውስጥ ሚስማር እንደሚንቀጫቀጭ ያለ ድምጽ ከሰማችሁ እሳቱ ቀድሟል ወይም ቤንዚኑ ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ነው፣ በሁለቱም 2 ዲግሪ አዘግዩና እንደገና ውጡ። ይሄን ድምጽ «ትንሽ ነው» ብሎ መተው አይገባም፣ ሲቆይ ፒስተን ይበሳል። ድምጽ ከሌለው ግን ሰነፍ ከሆነ፣ ሙቀቱ ከወትሮው ከፍ ካለ፣ ቤንዚን ከበላ፣ ዘግይቷል፣ በጣም የዘገየ ሞተር የጭስ ማውጫው ብረት ጨለማ ውስጥ ፍም ሆኖ እስኪታይ ድረስ ይግላል። አንዳንድ ሰው ያለ መብራት በጆሮ ብቻ ያስተካክላል፣ ሞተሩ በጣም ፈጥኖ የሚዞርበት ቦታ ድረስ ያስቀድምና ይተወዋል፣ ሚኒሞ ላይ ደስ የሚለው ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ለዳገቱ የበዛ ነው፣ ስለዚህ በጆሮ የሰራ ሰው ከዛ ላይ ትንሽ መመለስ አለበት።

የመጨረሻው ስራ ብሎኑ ነው። ስታጠብቁት አካሉ ትንሽ ይዞራል፣ እኔ ላይ 3 ዲግሪ ወሰደብኝ፣ ስለዚህ ካጠበቃችሁ በኋላ መብራቱን እንደገና ተኩሱበት። ድልድይ ያደረጋችሁትን ሽቦ አውጡ፣ የቫኪዩሟን ጎማ መልሱ፣ ሚኒሞው ከተቀየረ በብሎኗ አስተካክሉት። ከዛ በሹል ነገር ከዲስትሪቢዩተሩ እግር ወደ ሞተሩ ብረት የሚያልፍ አንድ ጭረት አድርጉ፣ ማርከር በዘይት ይለቃል። የኔ ጭረት የጥፍር ያህል ርዝመት አላት፣ ባለፈው ቀለበቷ እንደገና ስታንጠባጥብ ሮተሩንም በፎቶ ይዤ ስነቅለው መልሶ ለመግጠም ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።